ከ«ምን ሆነ?» በፊት «የት ነው?»

በአሜሪካ የ911 የአደጋ ጥሪ ተቀባይ ሆኖ ለመቀጠር አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃን ማጠናቀቅ ይበቃል። ብቻውን ስልክ ለማንሳት ግን ሠልጣኙ የወራት ልምምድ ይጠብቀዋል። አሠልጣኙ አጠገቡ ተቀምጦ በሌላ ማዳመጫ እያንዳንዱን ጥሪ ይከታተላል፤ ስህተት ሲያይም ጣልቃ ይገባል።

የመጀመሪያው ትምህርት የጥያቄ ቅደም ተከተል ነው። ደዋዩ እየጮኸ የደረሰበትን ለመናገር ይቸኩላል፤ ሠልጣኙ ግን አስቀድሞ «የት ነው ያሉት?» ማለት አለበት። ቦታው ከታወቀ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ፖሊስ መላክ ይቻላል። የተንቀሳቃሽ ስልክ የሚጠቁመው ሥፍራ ሁልጊዜ ትክክል ስላልሆነ ጥያቄው አይታለፍም። ቀጥሎ የሬዲዮው ሥራ ይመጣል፤ ይኸውም የትኛው የፖሊስ መኪና ቅርብ እንደሆነ ለይቶ ማሰማራት ነው።

ሥራው ሌሊትና በዓል አይልም። ደመወዙን በተመለከተ የአገሪቱ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንዳሰፈረው፣ በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. የሙያው እኩሌታ ሠራተኞች የሚያገኙት በዓመት ከ50,730 ዶላር በታች ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት የ2018 የሙያ ምደባም ያስቀመጣቸው ከፖሊሶች ጋር ሳይሆን ከቢሮ ሠራተኞች ጋር ነው። ሠልጥኖ የሚቆይ ሰው ማግኘት በሚያስቸግርበት በዚህ ሙያ ምደባው የቆየ ቅሬታ ነው።