ሐዲዱ ቢነሣም ሥዕሉ ይመሰክራል

የአንድ አገር ታሪክ በመጽሐፍና በመዝገብ ላይ ብቻ የሚገኝ አይደለም። አንድ አሮጌ ፎቶግራፍም አስተውሎ ለሚያየው ሰው ብዙ ነገር ይነግረዋል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው ስለ ታላቋ ብሪታንያ ምድር ባቡርና ስለ ፎቶግራፎቹ ነው። በዚያ አገር የባቡርን ሥዕል ማንሣት፣ ማሰባሰብና ለሌላው ማሳየት ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ልማድ ነው። ነገሩን ላይ ላዩን ለሚያየው የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለሚመረምረው ግን፣ አያሌ ሰዎች ማንም ሳያዛቸው፣ ደመወዝም ሳይከፈላቸው፣ የአገራቸውን አንድ ትልቅ ሥራ ከመረሳት ያዳኑበት ተግባር ሆኖ ይገኛል። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ከመነሻው ጀምረን እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ባቡር ከፎቶግራፍ በዕድሜ ይበልጣል። ስቶክተንንና ዳርሊንግተንን የሚያገናኘው መሥመር የተከፈተው በ1825 ሲሆን፣ በሊቨርፑልና በማንቸስተር መካከል ያለው ደግሞ በ1830 ሥራ ጀመረ። በፈረንሳይ ዳጌር፣ በእንግሊዝ ቶልቦት የፎቶግራፍን ጥበብ ለዓለም የገለጹት ግን በ1839 ነው። ስለዚህ የእነዚያ የመጀመሪያዎቹ ባቡሮች የመክፈቻ በዓል በሠዓሊ እጅ የተሣለ እንጂ በፎቶግራፍ የተነሣ አይደለም። ሠዓሊ ደግሞ ደስ ያለውን ይጨምራል፤ ያላማረውን ይተዋል።

ፎቶግራፍ ከተገኘ በኋላም ቢሆን የሚሮጥ ባቡር ማንሣት ቀላል አልነበረም። በዚያን ጊዜ ሥዕሉ የሚያርፍበት የመስተዋት ሰሌዳ ብርሃኑን ለመቀበል ብዙ ጊዜ ይፈጅበት ስለ ነበር፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ እንደ ጭጋግ ተድበስብሶ ይወጣ ነበር። በጥንቶቹ ሥዕሎች ላይ ባቡሩ ቆሞ፣ ነጂውና እሳት አንዳጁም እንደ ሐውልት ቀጥ ብለው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። በሙሉ ኀይሉ የሚበረው ባቡር በሥዕል ሊያዝ የቻለው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ፣ ብርሃንን ፈጥኖ የሚቀበል ሰሌዳና ፈጥኖ የሚዘጋ ካሜራ ከመጣ በኋላ ነው።

ሌላም ችግር ነበር። የጥንቱ ሰሌዳ ቀይ ቀለምን አይለይም፤ በቀይ የተቀባው ሁሉ ጥቁር መስሎ ይወጣል። ከዚህም የተነሣ የምድር ባቡር ኩባንያዎች አዲስ ሎኮሞቲቭ ሠርተው ሲጨርሱ፣ ለፎቶግራፉ ብቻ ሲሉ ግራጫ ቀለም ይቀቡትና ጌጡን በነጭ አድምቀው ያስነሡት ነበር። ትክክለኛው ቀለም የሚቀባው ከዚያ በኋላ ነው። የኩባንያው ፎቶግራፍ እያንዳንዱን ብሎን አጥርቶ ያሳያል። ይሁን እንጂ ያው ሎኮሞቲቭ በዝናብና በጭስ ውስጥ ሲሠራ ምን ይመስል እንደ ነበር፣ በጣቢያው ማን ቆሞ ይጠብቀው እንደ ነበር አይነግረንም። ይህን ያሳዩን በራሳቸው ፍላጎትና በራሳቸው ገንዘብ ያነሡ ሰዎች ናቸው።

የሰፊው ሐዲድ ነገር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ብሩኔል የተባለው ዝነኛ ኢንጂኔር የታላቁን ምዕራብ ኩባንያ መሥመር ሲሠራ፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል 2 ሜትር ከ14 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ሰጠው። አብዛኞቹ ሌሎች ኩባንያዎች ግን የተጠቀሙት 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባና በጅቡቲ መካከል የተዘረጋው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድም ይህኛውን ስፋት የያዘ ነው። ሁለቱ ስፋቶች በተገናኙበት ጣቢያ ዕቃው ሁሉ ከአንዱ ፉርጎ ወደ ሌላው በሰው ጉልበት ይገለበጥ ስለ ነበር፣ ንግዱ ተሰናከለ፤ ክርክሩም በዛ። በመጨረሻም በ1892 በሜይ ወር በሺህ የሚቈጠሩ ሠራተኞች ተሰማርተው፣ የቀረውን ሰፊ ሐዲድ በሁለት ቀን ውስጥ አጠበቡት። ማላን የተባሉ አንድ ቄስ ግን ይህ ከመሆኑ በፊት በነበሩት ዓመታት ካሜራቸውን ይዘው እየወጡ የሰፊውን ሐዲድ ባቡሮች አንሥተው ነበር። በስዊንደን ደግሞ ከሥራ የወጡት ሎኮሞቲቮች ለመሰባበር ተራቸውን እየጠበቁ፣ ረድፍ በረድፍ ተሰልፈው የሚታዩበት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አለ። ያንን ሥዕል የሚያይ ሰው፣ አንድ ትልቅ አሳብ እንዴት እንደ ተሸነፈ ሌላ ገላጭ ሳያስፈልገው ይረዳል።

ፎቶግራፍ ማስታወሻ ብቻ ሳይሆን በፍርድ አደባባይ የሚቆም ምስክር የሆነበትም ጊዜ አለ። በዲሴምበር 28 ቀን 1879፣ በስኮትላንድ በቴይ ወንዝ ላይ የተሠራው ረዥም ድልድይ በዐውሎ ነፋስ መካከል ፈረሰና በላዩ ይሄድ የነበረውን ባቡር ይዞ ወደ ውሃው ወረደ። በባቡሩ ውስጥ ከነበሩት አንድም ሰው አልተረፈም። ድልድዩ ከተከፈተ ገና ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ለመርማሪው ጉባኤ እንዲቀርብ ተብሎ፣ የዳንዲ ከተማ ፎቶግራፍ አንሺዎች የተሰበረውን ብረት ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሌላው እየሄዱ አነሡት። ከ120 ዓመት በኋላ ኢንጂኔሮች እነዚያን ሥዕሎች አጉልተው እንደ ገና መረመሯቸው። ብሎኖቹ ይገቡባቸው የነበሩትን የብረት ጆሮዎች ስብራትም አንድ በአንድ ለመመልከት ቻሉ። ብረቱ ከጠፋ፣ መርማሪዎቹም ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ምስክርነቱ ግን አልጠፋም።

የሠራተኛውን ፊት ያቆየልንም ፎቶግራፍ ነው። በ1890ዎቹ ዓመታት ከእንግሊዝ መካከለኛ ክፍል ወደ ለንደን አዲስ መሥመር ሲዘረጋ፣ ሲድኒ ኒውተን የተባለ የሌስተር ከተማ ፎቶግራፍ አንሺ ሥራውን እየተከታተለ ያነሣ ነበር። ከድልድዮቹና ከተቈፈሩት ኮረብቶች ሌላ፣ አካፋና ዶማ ይዘው የቆሙትን የቀን ሠራተኞች፣ የሚኖሩበትንም የጣውላ ቤት አነሣ። ስማቸው በታሪክ መጽሐፍ ያልተጻፈ እነዚያ ሰዎች ዛሬ ፊት ለፊት ይመለከቱናል። መሥመሩ በ1899 ተከፈተ፤ በ1966 አብዛኛው ተዘጋ። የኒውተን ሥዕሎች ግን በሌስተር አውራጃ መዝገብ ቤት ተጠብቀው ይገኛሉ። ተመራማሪዎችም ዛሬ እያገላበጡ ይጠቀሙባቸዋል።

አልቡም ከእጅ ወደ እጅ

ማንሣት አንድ ነገር ነው፤ ለሌላው ማካፈል ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ስለ ምድር ባቡር ብቻ የሚጽፍ መጽሔት በእንግሊዝ አገር በ1897 መታተም ጀመረና ለፎቶግራፍ አንሺዎች በር ከፈተላቸው። በ1922 ደግሞ ሞሪስ ኧርሊ የተባለ የሬዲንግ ከተማ ሰው የምድር ባቡር ፎቶግራፍ ማኅበርን አቋቋመ። አባሎቹ የተመረጡ ሥዕሎችን በጥራዝ አድርገው በፖስታ እየተላላኩ ይተያዩ ነበር። በዚህ ዐይነት በሰሜን የሚኖረው የደቡቡን፣ በደቡብ የሚኖረውም የሰሜኑን ባቡር ከቤቱ ሳይወጣ ያውቅ ጀመር። ጀማሪውም ከሠለጠነው ይማራል፤ የተሳሳተው ይታረማል።

ከእነዚህ ፎቶግራፍ አንሺዎች መካከል ስማቸው ከፍ ብሎ የሚጠራው ኤሪክ ትሬሲ ናቸው። እኒህ ሰው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን ሲሆኑ፣ ኋላ የዌክፊልድ ጳጳስ ለመሆን የበቁ ናቸው። ሥዕል ማንሣት የጀመሩት በ1930ዎቹ ዓመታት በሊቨርፑል ሲያገለግሉ ነው። ከነጂዎቹና ከእሳት አንዳጆቹ ጋር ወዳጅነት መሥርተው ስለ ነበር፣ በሥዕሎቻቸው ላይ ብረቱ ብቻ ሳይሆን ሰውየውም ይታያል። በ1978 በአፕልቢ ጣቢያ የእንፋሎት ባቡር ሲጠብቁ ሳለ በድንገት ዐረፉ። የተዉት 12,000 ያህል ፎቶግራፍ በዮርክ ከተማ በሚገኘው ብሔራዊ የምድር ባቡር ቤተ መዘክር ውስጥ ተቀምጧል።

የመዘጋቱ ዘመን

እነዚህ ሰዎች ምን እንዳተረፉ በደንብ የታወቀው በ1960ዎቹ ዓመታት ነው። በለንደን የዩስተን ጣቢያ በር ላይ በ1830ዎቹ የተሠራ፣ ከ20 ሜትር በላይ የሚረዝም ታላቅ የድንጋይ ደጅ ነበር። አዲስ ጣቢያ ለመሥራት ሲባል፣ የብዙ ሰው ተቃውሞ ሳይሰማ በ1961 መፍረስ ጀመረ። ከድንጋዮቹም አንዳንዶቹ በ1994 በአንድ የውሃ ቦይ ውስጥ ተጥለው ተገኙ። ዛሬ ያ ደጅ ቆሞ የሚታየው በፎቶግራፍ ብቻ ነው። ከዚያ ብዙም የማይርቀው የሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ዕጣም ያው ሊሆን ተቃርቦ ነበር። ግን በ1967 እንዳይፈርስ በሕግ ስለ ተጠበቀ፣ ከ2007 ጀምሮ ወደ ፓሪስና ወደ ብሩክሴል የሚሄዱት ባቡሮች መነሻ ለመሆን በቃ።

በ1963 በዶክተር ቢችንግ የቀረበው ዝነኛ ሪፖርት ከ2,000 በላይ ጣቢያዎችና 5,000 ማይል ያህል መሥመር እንዲዘጋ አሳሰበ። ሒሳቡ እውነት ነበር፤ ብዙዎቹ መሥመሮች ወጪያቸውን አይሸፍኑም ነበር። ነገር ግን መንደሮቹ ባቡራቸውን ብቻ ሳይሆን መገናኛቸውን አጡ። በስኮትላንድ ድንበር አጠገብ የምትገኘው የኒውካስልተን መንደር ሕዝብ፣ በጃንዋሪ 1969 የመጨረሻውን ባቡር ለማገድ ሌሊት በሐዲዱ ላይ ወጥቶ ቆሟል። ከባዝ ወደ ቦርንመዝ የሚወስደው መሥመር በ1966 ተዘጋ። ይሁን እንጂ አይቮ ፒተርስ የተባለው ሰው ለብዙ ዓመት በአውቶሞቢሉ እየተከተለ፣ ባቡሮቹን ዳገቱን ሲወጡና ከየጣቢያው ሲነሡ አንሥቷቸው ስለ ነበር፣ መሥመሩን ያላየው ትውልድ በእርሱ ዐይን ያየዋል። በኦገስት 11 ቀን 1968 የመንግሥቱ ምድር ባቡር የመጨረሻውን የእንፋሎት ጉዞ ሲያደርግ፣ ከሊቨርፑል እስከ ካርላይል ድረስ በየኮረብታውና በየድልድዩ ካሜራ የያዘ ሰው ሞልቶ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በእንፋሎቱ ዘመን መጨረሻ ከነበሩት ፎቶግራፍ አንሺዎች ብዙዎቹ በናፍጣ የሚሠራውን አዲሱን ባቡር ንቀውት ነበር። ሲመጣ ካሜራቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ዛሬ ግን ከእነዚያ የመጀመሪያ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች አንዳንዶቹ ጨርሰው ጠፍተዋልና ሥዕላቸው በብርቱ ይፈለጋል። በ1980ዎቹ ከአውቶቡስ በተወሰደ አካል የተሠሩት «ፔሰር» የተባሉት ባቡሮችም መንገደኛው ሁሉ ያማርራቸው ነበር። በ2021 ከመደበኛ አገልግሎት ወጡ። በእነርሱ ተሳፍሮ ትምህርት ቤት ይመላለስ የነበረው ልጅ ግን ሲያረጅ ሥዕላቸውን መፈለጉ አይቀርም።

አሮጌውና አዲሱ ሲተያዩ

የቀድሞውንና የቅርቡን ፎቶግራፍ ጐን ለጐን አድርጎ ማየት ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ይሰጣል። በደቡብ ዌልስ በባሪ ከተማ አንድ የአሮጌ ብረት ነጋዴ 300 የሚያህሉ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮችን ለመሰባበር ገዝቶ ነበር። ለመቍረጥ የሚቀሉትን ፉርጎዎች ስላስቀደመ፣ ሎኮሞቲቮቹ በባሕሩ ነፋስ እየዛጉ ለብዙ ዓመት ቆሙ። ወዳጆቻቸውም ገንዘብ እያዋጡ 213ቱን አዳኑ። በ1970 ገደማ የተነሣውን የዛገ ቅርፊት፣ ዛሬ ታድሶ መንገደኛ ከሚጐትተው ከዚያው ሎኮሞቲቭ ሥዕል ጋር ያስተያየ ሰው የሰውን ትጋት ያደንቃል። አዳሾቹም ቢሆኑ አንድ ቧንቧ በየት በኩል ያልፍ እንደ ነበር፣ ቍጥሩ በምን ዐይነት ፊደል ይጻፍ እንደ ነበር የሚያጣሩት ከአሮጌ ፎቶግራፍ ነው።

የኒውካስልተን ሰዎች ካዘኑለት መሥመር ደግሞ ከኤዲንበርግ እስከ ትዊድባንክ ያለው ክፍል በ2015 እንደ ገና ተከፈተ። በጋላሺልስ የቀድሞው ጣቢያ የለም፤ አዲሱ አንድ መሳፈሪያ ብቻ ያለው ትንሽ ጣቢያ ነው። የ1960ዎቹንና የዛሬውን ሥዕል አንድ ላይ የሚያይ ወጣት ሹም፣ የተዘጋን ነገር እንደ ገና መክፈት ምን ያህል እንደሚያስወጣና መዝጋት ሲወሰን ምን ያህል ማሰብ እንደሚገባ ይማራል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለተማሪውና በሥራ ላይ ላለው ወጣት የሚተርፈው ምንድን ነው? ዛሬ ካሜራ በየሰው ኪስ ውስጥ አለ። የሥዕሉ ቍጥር በዛ እንጂ ምስክርነቱ በዚያው ልክ አልበዛም። ቀኑና ቦታው ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ስሙን የማይናገር ምስክር ማለት ነው። የእንግሊዞቹ ሥዕሎች ለኢንጂኔሩም፣ ለታሪክ ጸሐፊውም፣ ለአዳሹም የጠቀሙት ያማሩ በመሆናቸው ብቻ አይደለም። ያነሣቸው ሰው መቼ፣ የት፣ የትኛውን ባቡር፣ ወደ የት ሲሄድ እንዳነሣ በጀርባቸው ወይም በደብተር ላይ ስለ ጻፈ ነው። ይህን ያላደረገው ሰው ሥዕል፣ ባለቤቱ ሲሞት ወራሾቹ ምንነቱን ስለማያውቁ ከነሳጥኑ ይጣላል።

ስለዚህ የምታነሡትን ጻፉበት፤ የጻፋችሁበትንም አትደብቁ። ለባልንጀራ አሳዩ፣ ለቤተ መጻሕፍት ቅጂውን ስጡ፣ የሚያውቅ ሰው ሲያርማችሁም ተቀበሉ። በየመሥሪያ ቤቱና በየሠፈሩ ዛሬ ተራ መስሎ የሚታየው መኪና፣ ወንበርና በር ሁሉ አንድ ቀን ይነሣል። ያን ጊዜ ምን ይመስል እንደ ነበር ለሚጠይቅ ሰው የሚመልስለት፣ በጀርባው አንድ መሥመር ጽሕፈት ያለበት ያ ፎቶግራፍ ነው።