የማዕድን ሰፈሮች ስም ከወዴት መጣ?

ማዕድን የሚወጣበት ሰፈር ስም ሲነሳ ብዙዎቻችን ስሙ ከማዕድኑ የመጣ ይመስለናል። የአገራችንን ሰፈሮች ስናይ ግን ነገሩ እንዲያ አይደለም።

ከቅርባችን እንጀምር። ከእኛ ከጎብዬና ከቆቦ ቆላ ወደ ደጋው ወጥተን ደላንታ ስንደርስ፣ ወገል ጤና አጠገብ «ፀሐይ መውጫ» የሚባል ቦታ አለ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ኦፓል የተገኘው እዚያ ነው። ድንጋዩ ሲገላበጥ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ ስለሚያበራ፣ ስሙን የሰማ እንግዳ ከዚህ ጋር ቢያያይዘው አይፈረድበትም። ነገር ግን ፀሐይ መውጫ ማለት በአማርኛችን ምሥራቅ ማለት ነው፤ ገበሬ አቅጣጫ የሚያመለክትበት ተራ ቃል ነው። ኦፓሉ ያለው በገደሉ ወገብ ላይ በምትገኝ ስስ ንጣፍ ውስጥ ስለሆነ ወጣቶቹ ገደል ወርደው ዋሻ እየቆፈሩ ያወጡታል። አለት ተንዶባቸው የሞቱ አሉ። ድንጋዩ ግን ውጭ አገር ሲሸጥ «ወሎ ኦፓል» ነው የሚባለው፤ የፀሐይ መውጫን ስም የሚያነሳ የለም። (የእኛ ጎብዬ በዚህ ትሻላለች፤ አቀንጭራን የሚቋቋም አንድ የማሽላ ዝርያ በስሟ ይጠራል።)

ወደ ደቡብ ስንሄድ ደግሞ ስም ከላይ ሲመጣ እናያለን። በጉጂ ኦሮሞ ምድር ያለችው የወርቅ አገር አዶላ ነች። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ወርቁ በመንግሥት እጅ ሲቆፈር ከተማዋ «ክብረ መንግሥት» ተባለች። ወርቁ የማን እንደሆነ በስሙ ተነገረ ማለት ነው። በደቡብ አፍሪካም እንዲሁ ሆኗል፤ የአልማዟ ከተማ ኪምበርሌይ እ.ኤ.አ. በ1873 በእንግሊዙ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ስም ተሰየመች። አዶላ የሚለው ስም ግን አልጠፋም፤ ዛሬም ይሠራበታል።

እዚያው አካባቢ ያለው ለገ ደምቢ ዛሬ ለብዙ ሰው የኩባንያ ስም ነው። «ለገ» ግን በኦሮምኛ ወንዝ ነው፤ ለገ ጣፎ እንደምንለው። (ለገሃር ከዚህ አይቆጠርም፤ እሱ ፈረንሳይኛ ነው።) የሻኪሶ ነዋሪዎች በ2010 ዓ.ም. አደባባይ የወጡት የማዕድኑ ኬሚካል ውኃችንንና ጤናችንን በከለ ብለው ነበር፤ ፈቃዱም ታገደ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥራው እንደገና ጀመረ።

በአፋር ያለው ዳሎል ጣሊያኖች ፖታሽ ያወጡበት የነበረ፣ አሁን ሰው የማይኖርበት ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 የተመዘገበው አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ጨው ቆራጩና ግመል ነጂው የሚያድሩበት ሐመድ ኤላ አለ። የዚህም ስም ከጨው አልመጣም። «ኤላ» እንደ ቦረናው ኤላ ሁሉ የውኃ ጉድጓድ ነው፤ ጨውማ እዚያ ሞልቷል፣ የሚቸግረው ውኃው ነው።