ውሃ ውስጥ ቆመው ለሚሠሩ ወገኖቻችን፦ ስለ ቦት ሱሪ ምርጫ

ውድ አንባቢያን፣ በዛሬው የጤና ዓምዳችን የማነሣው ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። አውበሬ ሐይቅ የላትም፤ ዓሣም ቢሆን ከቆርቆሮ ቱና ውጪ በገበያችን ብዙም አይታይም። ታዲያ ስለ ዓሣ አጥማጆች ልብስ መጻፍ ከየት መጣ ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው።

ከቶጎጫሌ ቦንዳ ልብስ እያመጡ የሚነግዱ አንድ አባት ከጉ ዝናብ በኋላ ወደ መድኃኒት ቤቴ መጡ። ከማዳበሪያ ከረጢት አውጥተው ባንኮኒው ላይ የዘረጉት ወፍራም የላስቲክ ሱሪ ነበር። እስከ ደረት ይደርሳል፤ ማንገቻ አለው፤ ከታች ደግሞ በቦት ጫማ ያልቃል። «አባዮ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ይህ ነገር ምንድን ነው?» አሉኝ። «አዴር፣ ዓሣ አጥማጆች ውሃ ውስጥ ሲገቡ የሚለብሱት ነው» አልኳቸው። እሳቸው ቦቱን ቆርጠው ለዝናብ ጫማ፣ የቀረውን ለጭነት መሸፈኛ ለመሸጥ አስበው ነበር። «አይቁረጡት፤ ከበሽታ ይጠብቃል» ስላቸው ጥቂት ዝም ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የእህታቸው ልጅ ቀላፎ አካባቢ በዋቢ ሸበሌ ዳር በመስኖ እርሻ ሁለት ዓመት ሠርቶ መመለሱን፣ ሲሸና ደም እንደሚያይ፣ አፍሮም ለማንም ሳይናገር መቆየቱን ነገሩኝ።

ልጁን አውቀዋለሁ። ከወራት በፊት «የኩላሊት መድኃኒት ስጪኝ» ብሎ እኔው ዘንድ መጥቶ ነበር። ማስታገሻ ሸጬለት፣ ውሃ በደንብ ጠጣ ብዬ ሸኘሁት። የት ስትሠራ ነበር ብዬ ግን አልጠየቅሁትም። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ውሃው ውስጥ ምን አለ?

የዚህ ልጅ ሕመም ቢልሃርዚያ ነው። ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ ውስጥ ትሉን ካገኘው ጀርመናዊ ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። ብዙ ሰው በሽታው በመጠጥ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል፤ ዋናው መግቢያው ግን ቆዳ ነው። የታመመ ሰው ውሃ ውስጥ ወይም ውሃ ዳር ሲሸና ወይም ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ውሃ ውስጥ ይገባል። እንቁላሉ ተፈልፍሎ አንድ ዓይነት ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፤ ተራብቶም በብዛት ወደ ውሃው ይወጣል። ይህ በዓይን የማይታይ ዕጭ የሰው ቆዳ ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስሮ ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም፤ ጤናማ ቆዳ ይበቃዋል። ሰው ካላገኘ ከሁለት ቀን በላይ አይኖርም። ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ጠንከር ስትል፣ እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ቀንድ አውጣው የሚኖረው በጨው አልባ ውሃ ስለሆነ ዘይላና በርበራ ባሕር ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ ዘመዶቻችን ይህ ሥጋት የለባቸውም።

በአገራችን ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ፊኛን የሚይዘው ሲሆን በአዋሽ ሸለቆ፣ በታችኛው ዋቢ ሸበሌ እና በኩርሙክ በኩል ይታወቃል። ምልክቱ ሽንት ማለቂያው ላይ ደም መታየቱ ነው። ሌላው አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳው ነው፤ እርሱ በጣና፣ በባቱ (ዝዋይ) እና በሐዋሳ ሐይቆች ዳርቻ፣ እንዲሁም በስኳር እርሻ መስኖዎች ይገኛል። የፊኛው ዓይነት ሳይታከም ለዓመታት ሲቆይ ፊኛን ያጠነክራል፣ የሽንት ቧንቧን ይዘጋል፣ ለፊኛ ካንሰርም ያጋልጣል። ሴቶችን በማህፀን አካባቢ ስለሚያቆስል ለመውለድ እስከመቸገር ሊያደርስ ይችላል። ወጣቶቻችን ደም ሲያዩ የአባላዘር በሽታ ነው ብለው ይደብቁታል፤ የታጨ ወንድ ከሆነማ ጭንቀቱ እጥፍ ነው። ቢልሃርዚያ ግን ነውር የለበትም፤ ከውሃ የሚመጣ ነው።

ይህ ሱሪ ለማን ነው?

በጣና ዳርቻ ከደንገል ታንኳ እየሠሩ በዓሣ ሲተዳደሩ የኖሩት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ሙስሊሞች ናቸው። ደንገል ሲያጭዱም ሆነ መረብ ሲስቡ ባዶ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ይቆማሉ። በፎገራ የሩዝ ገበሬው በቆመ ውሃ ውስጥ ያርማል፤ እርሱን አልቅቱም አይምረውም። በእኛ ክልል ደግሞ በዋቢ ሸበሌ ዳር ቦይ የሚጠርገው ወጣት አለ። ለእነዚህ ሁሉ የሚመጥን አንድ ልብስ የለም። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ውሃው የት ድረስ እንደሚመጣ ማወቅ ይቀድማል።

ውሃው ከጉልበት በታች ከሆነ ተራው የጉልበት ቦት ጫማ ይበቃል፤ ለሩዝ ማሳና ለቦይ ጠረጋ የተሻለውም እርሱ ነው። እስከ ታፋ ለሚደርስ ውሃ ቀበቶ ላይ የሚታሰር ረጅም ቦት አለ። ከዚያ በላይ ከሆነ በእንግሊዝኛ ዌደር የሚሉት፣ ያ አዴር ያመጡት ባለ ደረት ሱሪ ነው። የልብሱ አፍ ከጥልቁ ውሃ ቢያንስ አንድ ስንዝር በላይ መሆን አለበት። ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አጭር ቦት አድርጎ ጥልቅ ውሃ የገባ ሰው ቦቱ ይሞላበትና ያን ውሃ ቀኑን ሙሉ ይዞት ይዞራል። እንዲህ ያለ ቦት መከላከያ መሆኑ ቀርቶ መዘፍዘፊያ ይሆናል።

ዕቃውን ስንመለከት፣ ርካሹ ፕላስቲክ ነው። ውሃ አያስገባም፤ ነገር ግን በታጠፈበት መስመር ቶሎ ይሰነጠቃል። ጎማው ከበድ ቢልም ለስላሳ ነው፤ ሲቀደድም በቀላሉ ይጠገናል። ኒዮፕሪን የሚባለው ስፖንጅ መሰል ወፍራም ጨርቅ ለቀዝቃዛ አገር የተሠራ ስለሆነ በቀላፎ ሙቀት የሚለብሰውን ሰው ያቃጥለዋል። ላብ የሚያስወጣው ቀጭን ናይለን ምቹ ነው፤ ይሁንና ውድ ነው፣ እሾህና የዓሣ መንጠቆም ይበሳዋል። የአምባዛን የጎን እሾህ የሚያውቅ አጥማጅ ምን እንደምል ይገባዋል። ለእኛ አቅምና ሥራ የምመርጠው ጎማውን ነው፤ ሙቀቱንም በማለዳ በመሥራት መቀነስ ይቻላል። ማለዳ ዕጩ ስለሚያንስ ያ ሌላ ጥቅም አለው፤ ፈጽሞ አይኖርም ማለት ግን አይደለም።

ልኩን ሳትሞክሩ አትግዙ። ለሥራ የምታደርጉትን ካልሲ አድርጋችሁ ልበሱት፤ ከዚያ ቁጢጥ በሉ፣ አንድ እግራችሁንም ወንበር ላይ አውጡ። በዚህ ጊዜ በጭን መሐል ከወጠረ ስፌቱ በወራት ውስጥ ይለቃል። በተቃራኒው በጣም ከሰፋ ሲራመዱ እየተፋተገ ያልቃል፤ ጭቃም እግርን ከቦቱ ነቅሎ ያስቀራል። ጣት መንቀሳቀስ አለበት፤ ተረከዝ ግን መንሸራተት የለበትም። ሶሉ ጥርስ ያለው ጎማ ይሁን። በቦንዳ ውስጥ አንዳንዴ እንደ ብርድ ልብስ የጠጠረ ሱፍ ሶል ያለው ይመጣል፤ በድንጋይ ላይ አያንሸራትትም፣ ነገር ግን ቶሎ ስለማይደርቅ ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ተባይ ያጓጉዛል። በዚህም ምክንያት ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ከልክላዋለች።

ያገለገለ ከሆነ በጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ አብርታችሁ ወደ ውስጥ አስገቡና ከውጭ ተመልከቱ፤ ብርሃን የወጣበት ቦታ ውሃም ያስገባል። በተለይ ጉልበቱን፣ የጭን ስፌቱንና ቦቱ ከሱሪው የሚጋጠምበትን እዩ። ጎማ ከሆነ ጎሚስታ በሚጠቀምበት ማጣበቂያና ቁራጭ ጎማ ይጠገናል። ፕላስቲክ ግን በዚያ ማጣበቂያ አይዝም፤ የራሱን ይፈልጋል። ውስጡ እርጥብ ሆኖ ሲገኝ ሁሉ ቀዳዳ ነው ማለት አይደለም፤ ላብም ያረጥባል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከረጠበ ግን ቀዳዳ ነው።

ባለ ደረት ሱሪ የሚለብስ ሰው ወገቡ ላይ ከውጭ በቀበቶ ጠበቅ አድርጎ ይሰር። ቢወድቅ ውሃው ቶሎ ወደ እግር እንዳይወርድ የሚያደርገው ቀበቶው ነው። ውሃ የሞላበት ሱሪ ለመዋኘትም ሆነ ወደ ዳር ለመውጣት ፈተና ነው። ስለዚህ ታንኳ ላይ ሆኖ ጥልቅ ውሃ ለሚሻገር ሰው ይህን ልብስ አልመክርም፤ ዳር ላይ ቆሞ ለሚሠራ ነው።

ከሥራ በኋላ በንጹሕ ውሃ አጥቦ፣ ገልብጦ፣ ከቦቱ ሰቅሎ በጥላ ማድረቅ ያስፈልጋል። ፀሐይ፣ እሳት፣ ቤንዚንና ዘይት ጎማን ያረጃሉ። እግር ያለማቋረጥ በላስቲክ ውስጥ ሲውል በጣቶች መሐል ይላጣል፣ ያሳክካል፣ ፈንገስ ያወጣል። ሁለት የጥጥ ካልሲ ይዞ መቀያየር፣ በጣቶች መሐልም በደንብ ማድረቅ ከብዙ ቅባት ያድናል። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ስለሚደነዝዝ ጠጠር ቢገባ ላያውቅ ይችላልና ከማጥለቁ በፊት ቦቱን ያራግፍ፣ ማታም እግሩን ይይ።

እጅንም አንርሳ። ደረቱ ድረስ ተሸፍኖ መረቡን በባዶ እጁ የሚስብ ሰው ለዕጩ በር ከፍቶለታል። ረጅም የጎማ ጓንት ያስፈልገዋል።

ዉዱእ፣ ሶላትና ውሃው

በዚህ ልብስ ላይ መስሕ ይፈቀዳል ወይ ብለው የሚጠይቁ አሉ። በኹፍ ላይ መስሕ ማድረግ ለነዋሪ አንድ ቀን ከነሌሊቱ፣ ለመንገደኛ ሦስት ቀን ከነሌሊቶቻቸው መሆኑንና ሙሉ ጠሃራ ላይ ተሁኖ መልበስን እንደሚጠይቅ በመድረሳ ተምረናል፤ ከሱሪ ጋር የተያያዘው ቦት ግን የዑለሞች ጉዳይ ነውና እነርሱን ጠይቁ። በጤና በኩል ግን በየሶላቱ አውልቆ እግርን ማናፈስ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም።

በሽታው ባለበት ወንዝ ዳር ዉዱእ ማድረግ ራሱ ቆዳን ለዕጩ ያቀርባል። የሚሻለው ውሃውን አስቀድሞ ቀድቶ፣ ቀንድ አውጣ በሌለበት ዕቃ ውስጥ ሁለት ቀን አስቀምጦ መጠቀም፣ ወይም አፍልቶ ማቀዝቀዝ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በረጋ ውሃ ውስጥ መሽናትን መከልከላቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ከላይ የነገርኳችሁን የትሉን ዑደት ስታስቡት፣ ሰንሰለቱ የሚበጠሰው እዚያው ላይ ነው፤ ሁላችንም ከውሃ ርቀን ብንሸና ቀንድ አውጣው የሚቀበለው እንቁላል አያገኝም።

ስለ ቀንድ አውጣ ካነሣን የእኛው ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ ሊረሱ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች ያለው ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ፤ ከዚያም ለዓመታት አጠኑት። እንዶድ ግን ዓሣንም ስለሚገድል ለአጥማጅ ሠፈር ወዳጅ አይደለም። መርዛማ ስለሆነም ለማንኛውም ሕመም ብላችሁ እንዳትጠጡት።

መድኃኒቱ

ፕራዚኳንቴል ይባላል። መጠኑ በክብደት ስለሚወሰን ከጎረቤት ተውሳችሁ አትውሰዱ። በአብዛኛው የአንድ ቀን መድኃኒት ነው፤ ከምግብ ጋር፣ ሳይታኘክ ይዋጣል፤ በጣም መራራ ነውና። በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ መውሰድ ይቻላል። ራስን ሊያዞርና ሊያስተኛ ስለሚችል የዚያን ቀንና የማግስቱን መኪና መንዳት አይገባም። ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች አስቀድመው ለባለሙያ ይንገሩ። ያደገውን ትል እንጂ በቅርቡ የገባውን ዕጭ በደንብ ስለማይገድል፣ ከውሃው በወጣ በሳምንቱ የታከመ ሰው ከወር ተኩል ወይም ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ መታየት አለበት። በሽታው ባለባቸው ወረዳዎች እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በትምህርት ቤቶች በዘመቻ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ልጆቻችሁን አታስቀሩ። ለምርመራ የሚሰጥ ሽንት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል፤ እንቁላሉ በብዛት የሚወጣው በዚያን ጊዜ ነው።

ልጁ ጅጅጋ ሄዶ ተመረመረ፣ እንቁላሉ ተገኘ፣ መድኃኒቱን ወሰደ። በሁለተኛው ወር ሲመለስ ሽንቱ ንጹሕ ነበር፣ አልሐምዱሊላህ። ሱሪውን በአንድ ምሽት ከአዴር ጋር በባትሪ አየነው፤ በግራ ጉልበቱ ላይ ሁለት የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ብርሃን ወጣ። ጎሚስታው ለጠፈው። ቦቱ 44 ቁጥር ነው፤ ልጁ 41 ነው የሚያደርገው። ስለዚህ ለእርሱ አልሆነም፤ እንደገና ወደ ቀላፎ ሲመለስ የጉልበት ቦትና ረጅም ጓንት ይዞ ሄደ።