የፈረስ የሆድ ቁርጠት፤ ምልክቱን መለየትና በቀዶ ጥገና ማዳን

በአገራችን ፈረስ፣ በቅሎና አህያ ጋሪ ይስባሉ፣ እህል ያጓጉዛሉ፣ ውሃ ያመላልሳሉ። የባለጋሪው ፈረስ ከሞተ የቤተሰቡ ቀለብ ይቋረጣል። ከጋማ ከብት ሕመሞች መካከል በአንድ ሌሊት ሊገድል የሚችለው አንዱ የሆድ ቁርጠት ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት በመድኃኒት የሚድነውን ቁርጠት ቀዶ ጥገና ከሚያስፈልገው እንዲለዩና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንዲወስኑ ለመርዳት ነው።

1. የሕመሙ መነሻ

የሆድ ቁርጠት የሕመም ምልክት እንጂ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ፈረስ እንደ በሬ አያመሰኳም፤ ማስታወክም አይችልም። ስለዚህ በጨጓራው የታመቀ ጋዝና ፈሳሽ መውጫ ካጣ ጨጓራው ሊፈነዳ ይችላል። ትልቁ አንጀት ከዳሌ አጠገብ ታጥፎ ስለሚጠብ፣ ደረቅ መኖ በዚያ ቦታ ይደፈናል። ቀጭኑ አንጀት ደግሞ ረጅምና ተንቀሳቃሽ በመሆኑ ሊጠማዘዝ ይችላል። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው፦

ሀ/ ጭድና ገለባ በልቶ በቂ ውሃ አለመጠጣት፤
ለ/ ጥርሱ ስለተበላሸ መኖውን ሳያደቅ መዋጥ፤
ሐ/ እህል ወይም ለጋ ሣር በድንገት አብዝቶ መብላት፤
መ/ አሸዋ፣ ፌስታልና የገመድ ቁራጭ መዋጥ፤
ሠ/ የሆድ ትላትል፤
ረ/ የአንጀት መጠማዘዝ ወይም በቀዳዳ ገብቶ መታነቅ።

ከሀ እስከ ሠ የተዘረዘሩት በጊዜ ከተደረሰባቸው አብዛኛውን ጊዜ በመድኃኒት ይድናሉ። በረ የተጠቀሰው ግን የአንጀቱን የደም ዝውውር ስለሚያቋርጥ አንጀቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ይህን የሚያድነው ቀዶ ጥገና ብቻ ነው።

2. ምርመራ

ቁርጠት የያዘው ፈረስ መሬቱን ይቆፍራል፣ ወደ ጎኑ ዞሮ ያያል፣ ሆዱን በእግሩ ይመታል፣ ይተኛል፣ ይነሣል፣ ይንከባለላል፣ ያልበዋል። አህያ ግን ሕመሟን ስለምትችል አንገቷን ደፍታ መኖ መተዋ ብቻ ሊታይ ይችላል። ስለሆነም መኖ የተወች አህያን በቸልታ ማለፍ አይገባም።

የልማት ሠራተኛው የሚከተሉትን በየግማሽ ሰዓቱ እያየ ከነሰዓቱ ይመዝግብ፦

ሀ/ የልብ ምት፦ ጣትን በታችኛው መንጋጋ ሥር ባለው የደም ሥር ላይ አድርጎ መቁጠር። ጤነኛ ፈረስ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል። ከ60 በላይ ሆኖ የማይወርድ ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው።
ለ/ ድድ፦ የጤነኛ ፈረስ ድድ ሮዝና እርጥብ ነው። በጣት ተጭነው ሲለቁት በ2 ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል። ድዱ የጠቆረ ወይም የደረቀ ከሆነ አደጋ አለ።
ሐ/ የሆድ ድምፅ፦ ጆሮን በሁለቱም ጎን አስጠግቶ ማዳመጥ። ፍጹም ጸጥታ መጥፎ ምልክት ነው።
መ/ ፋንድያ፦ መቼ እንደጣለ፣ ደረቅ ወይም ንፍጥ የለበሰ መሆኑን መጠየቅ።

የእንስሳት ሐኪሙ በበኩሉ በአፍንጫ ቱቦ አስገብቶ ጨጓራውን ያስተነፍሳል፣ እጁን በፊንጢጣ አስገብቶ አንጀቱን ይዳስሳል፣ ከሆድ ዕቃ ፈሳሽ ይቀዳል። ጤነኛው ፈሳሽ ጥርት ያለ ቢጫ ነው፤ ደም የመሰለ ከሆነ አንጀቱ መጎዳቱን ያመለክታል።

3. ሐኪም እስኪደርስ

መኖ ይከልከል። ፈረሱ ከቻለ በዝግታ ይመላለስ፤ ማስጋለብና መምታት ግን ክልክል ነው። ዘይት፣ አረቄ ወይም ሌላ ነገር በጠርሙስ መጋት ሳንባው ውስጥ ገብቶ ሊገድለው ስለሚችል መቅረት አለበት። ለከብት ንፋት በግራ ጎን የሚወጋው ትሮካር ለፈረስ አይሆንም። እንደ ፍሉኒክሲን ያለ ማስታገሻ ሕመሙን ሸፍኖ ውሳኔውን ሊያዘገይ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥ።

4. ቀዶ ጥገና መቼና እንዴት

ማስታገሻ ተሰጥቶት ሕመሙ ወዲያው ከተመለሰ፣ የልብ ምቱ እየጨመረ ከሄደ፣ ከጨጓራው ብዙ ፈሳሽ ከወጣ፣ ወይም ሐኪሙ የተነፋና የተጠማዘዘ አንጀት ከዳሰሰ፣ መጠበቅ ፈረሱን ማጣት ነው።

ቀዶ ጥገናው ሙሉ ማደንዘዣ፣ ንጹሕ ክፍልና የሠለጠኑ ሐኪሞች ስለሚፈልግ በመንደር የሚሞከር አይደለም። ፈረሱ በጀርባው ተንጋሎ ሆዱ ከእምብርቱ ወደ ፊት በመካከለኛው መሥመር ይከፈታል። የታመቀው ጋዝ በመርፌ ይወጣል፤ የተጠማዘዘው ይፈታል፤ የተደፈነው ትልቅ አንጀት ተከፍቶ በውሃ ይታጠባል፤ የሞተው የቀጭን አንጀት ክፍል ተቆርጦ ጤነኞቹ ጫፎች ይሰፋሉ። ከዚያም ፈሳሽና ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይሰጠዋል፤ መኖም በትንሽ በትንሹ ይጀመርለታል።

ቁስሉ እስኪጠነክር ፈረሱ ለ3 ወራት ያህል ጋሪ አይጎትትም። ባለቤቱ ይህን የሥራ መቋረጥ ከሕክምናው ዋጋ ጋር አስቀድሞ ማመዛዘን አለበት። ቀዶ ጥገና የማይቻል ሲሆንና ተስፋ ሲቆረጥ፣ ፈረሱ እየተሠቃየ ከሚያድር ሐኪሙ ያለ ሕመም እንዲያሳርፈው ማድረግ ይገባል። በመድኃኒት የሞተውን ሬሳ ውሾችና ጥንብ አንሣዎች በልተው እንዳይሞቱ በጥልቅ መቅበር ያስፈልጋል።

5. የማኅበራት ድርሻ

250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈረስ በዕረፍት ቀን 12 ሊትር ያህል ውሃ ሲፈልግ፣ በሥራና በሙቀት ጊዜ እጥፉ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በጋሪ ማቆሚያዎች የውሃ ገንዳ ይዘጋጅ። መኖ በ7 ቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ ይለወጥ። ጥርስ በዓመት አንድ ጊዜ ይታይ፤ የትላትል መድኃኒት በሐኪም ምክር ይሰጥ፤ ፌስታል ከግጦሽ ቦታ ይለቀም።

ማኅበሩ ቀዶ ጥገና የሚሠራ የእንስሳት ሆስፒታል የት እንዳለ አስቀድሞ ጠይቆ ስልኩን ይያዝ፤ ፈረስ የሚጭን መኪና ከማን እንደሚገኝ ይስማማ፤ ለድንገተኛ ሕክምና የሚሆን መዋጮ ያስቀምጥ። ፈረሱ ከተንከባለለ በኋላ መኪና መፈለግና ገንዘብ መሰብሰብ የሚፈጀው ጊዜ፣ አንጀቱ የሚሞትበት ጊዜ ነው።