መዥገር ያልነው ዝንብ ሆኖ ተገኘ

ጥር ላይ ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት ሲዘጋ የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ከደሴ ወጥቶ ኩታበር፣ እናቴ ዘንድ ሰነበተ። አንድ ማለዳ ደወለልኝ። “እማዬ፣ የእማማን በጎች መዥገር ወሯቸዋል። ዛሬ ልንረጫቸው ነው፤ የምይዛቸው እኔ ነኝ!” አለኝ ደስ ብሎት።

በምን እንደሚረጩ ስጠይቅ ግን ደነገጥኩ። ከጎረቤት የተገኘ የሰብል ተባይ መርዝ ነው። እናቴን አቅርብልኝ አልኩት።

“ምን ላድርግ ልጄ! የሐኪሙን መድኃኒት አስረጭቼ ነበር። ጠፋ ስል መልሶ ፈላ። በጎቹ ሲታከኩ ይውላሉ፣ ግልገሎቹ ከሱ። ለአረፋ ማን ይገዛኛል?” አለችኝ።

የሰብል መርዝ በጉን ብቻ ሳይሆን የያዘውን ልጅም እንደሚጎዳ ነግሬ፣ አንድ ቀን እንድትታገሰኝ ለመንኳት። ልጄን ደግሞ ተባዩን ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ አዘዝኩት።

የመጀመሪያው ፎቶ ቡናማ ነጥብ ብቻ ነበር። ለማውቃቸው የእንስሳት ሐኪም ባሳያቸው “ይሄማ ምስርም ሊሆን ይችላል” ብለው ሳቁ። ከዚያ እንዴት እንደሚነሳ ነገሩኝ፦ ተባዩን ነጭ ወረቀት ላይ፣ በቀን ብርሃን፤ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም አድርጎ፤ አንዴ ከጀርባው፣ አንዴ ከሆዱ። የተገኘበትንም የጸጉር ሥር ለብቻ።

ልጄ ስልኩን ያውቅበታል፤ ተባዩ የት እንደሚደበቅ የምታውቀው ግን እናቴ ናት። የበጓን አንገትና ብብት ጸጉሩን ገልጣ ያዘችለት።

“እግሩን ቁጠሪ” አሉኝ ሐኪሙ። ስድስት ነው። “ያደገ መዥገር ስምንት እግር አለው። ገና የተፈለፈለው ስድስት ቢኖረውም ከሰሊጥ ያንሳል፤ ይሄ የስንዴ ፍሬ ያክላል። የመዥገር ገላ እንደ አንድ ከረጢት ነው፤ የዚህ ራሱ፣ ደረቱና ሆዱ ተለይተው ይታያሉ። ይሄ ክንፍ የሌለው ዝንብ ነው።”

የሳይንስ ስሙ ሜሎፋገስ ኦቪነስ ነው። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ በ1758 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መዝግቦታል። በደጋ በጎች ላይ የተለመደ ደም መጣጭ ሲሆን ዕድሜውን ሙሉ በጸጉራቸው ውስጥ ይኖራል። ከእናት ወደ ግልገል የሚተላለፈው በመነካካት ነው። ገንዲን የሚያስተላልፈው የቆላው ጸጸ ዝንብ ዘመዱ ነው፤ እንደ እሱ እንቁላል አይጥልም። እንስቷ አንድ አንድ እጭ በሆዷ አሳድጋ ትወልድና ከጸጉሩ ጋር ታጣብቀዋለች። እጩ ወዲያው እንደ ዘር ፍሬ ቡናማ ቅርፊት ይሠራል። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ አዲስ ዝንብ ይወጣል፤ ብርድ ከሆነ ይዘገያል።

በሁለተኛው ፎቶ ላይ እነዚያ ቡናማ ፍሬዎች ከጸጉሩ ሥር ተደርድረዋል። ርጭቱ የሚገድለው ዝንቡን እንጂ በቅርፊት ውስጥ ያለውን አይደለም። ስለዚህ የእናቴ መድኃኒት ውሸት አልነበረም፤ የቀረው ድጋሚው ነበር።

ጉዳቱ በግልገል መክሳት አያበቃም። ይህ ዝንብና የበግ ቅማል ቆዳው ላይ ነጠብጣብ ይተዋሉ። የቆዳ ፋብሪካዎች “እከክ” የሚሉት ጉድለት ነው፤ ጎልቶ የሚታየውም ጸጉሩ ከተነሳ በኋላ ነው።

የሰብሉ መርዝ ለባለቤቱ ተመለሰ። እናቴ በጎቿን ሸለተች፤ ከጸጉሩ ጋር ብዙው ቅርፊት ወረደ፣ ለባናም የሚፈተል ተረፋት። ሐኪሙ ባዘዙት መጠን የእሷና አብረው የሚሰማሩት የጎረቤት በጎች በአንድ ቀን ተረጩ። ከአራት ሳምንት በኋላ ተደገመ። የረጨውም የያዘውም አዋቂ ሰው ነበር፤ ልጄ ከሩቅ ቆሞ ቆጠረ።

እናቴ ዛሬም በበጎቿ ላይ እንግዳ ተባይ ካየች የጎረቤት ልጅ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። ፎቶው ከመድረሱ በፊት ግን ራሷ ደውላ እግሩ ስንት እንደሆነ ትነግረኛለች።