የእንጦጦ መንገድ የማን ነው?

ማለዳ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ የሚወጣ ሰው መንገዱን ለብቻው አያገኘውም። ቱታ የለበሱ ሯጮች እያለከለኩ ያልፉታል። ነጠላ ያጣፉ ምዕመናን ወደ ኪዳነ ምሕረትና ወደ ማርያም ይወጣሉ። ጭነት የተጫኑ አህዮች ከነባለቤታቸው ይመጣሉ። ከላይ ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባዋ የተሸከመች እናት ጎንበስ ብላ ቁልቁል ትወርዳለች። በጫካው ውስጥ ያለው ቀጭን መንገድ አንዳንድ ቦታ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ታዲያ ማን ለማን ይለቃል?

ጥያቄው እኛንም ይመለከታል። ዛሬ ከየአጥቢያው የወጣቶች ህብረቶች በአውቶቡስ፣ ባለትዳሮች ደግሞ ሁለት ሆነው ወደዚህ ተራራ ይወጣሉ። መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን እኛ ለመናፈስ የወጣንበት መንገድ ለሌላው የእንጀራ መንገድ መሆኑን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም።

እንጦጦ ከአዲስ አበባ በፊት የነበረ ከተማ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑት በ1882 ዓ.ም. በዚሁ በእንጦጦ ማርያም ነበር። የአካባቢው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ ሲያልቅ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ተተከለ፤ ባሕር ዛፍ መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው። ቶሎ የሚያድግ፣ ሲቆርጡትም እንደገና የሚያቆጠቁጥ በመሆኑ የከተማይቱ ምድጃ ለብዙ ዘመን የነደደው በእርሱ ነው። ያን እንጨት ከተራራው ወደ ምድጃው ያወረደው ደግሞ በአብዛኛው የሴቶች ጀርባ ነው። 30 ኪሎና ከዚያም በላይ ተሸክሞ ኪሎ ሜትሮችን መውረድ የማገዶ ለቃሚዎቹ የዕለት ሥራ ነው። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት ብስክሌቱም ፈረስ ግልቢያውም ሻይ ቤቱም መጣ፣ የከተማው ሰውም ጎረፈ። ከፓርኩ ውጪ ያሉት የቆዩ የእግር መንገዶች ግን ዛሬም የሁሉም ናቸው።

በእኔ ግምት የመጀመሪያው ደንብ አከራካሪ አይደለም፦ ሸክም ለያዘ መንገድ ይለቀቃል። ሸክም ይዛ ቁልቁል የምትወርድ ሴት በድንገት መቆም አይሆንላትም፤ ክብደቱ ወደ ፊት ይገፋታል፣ እግሯ ሥር ያለው ደረቅ ቅጠልም ያንሸራትታል። እናንተ ሽቅብ እየወጣችሁ ቢሆንም ቀድማችሁ ዳር ያዙ። ለማረፍ ሸክሟን የምታስደግፍበት ከፍ ያለ ድልዳል ይኖራል፤ ከመሬት ላይ ሸክሙን ይዞ መነሣት እጅግ ከባድ ስለሆነ ነው የምትመርጠው። እዚያ ላይ ምሳ ዘርግታችሁ አትቀመጡ። «አሸክሙኝ» ካለቻችሁ ሁለት ሆናችሁ አንሡላት። ሳትጠይቋት ፎቶ ማንሣት ግን ነውር ነው።

አህያም ከመንገዷ አትወጣም፤ ጭነቱ ምን ያህል ወደ ጎን እንደሚወጣም አታውቀውም። ስትመጣ በገደሉ በኩል ሳይሆን በተራራው በኩል ተጠግታችሁ አሳልፏት፣ አለዚያ ገፍታ ልትጥላችሁ ትችላለች። ብስክሌት የሚነዳ ለእግረኛውም ለከብቱም ይለቃል፤ ጥምዝ ላይ ፍጥነት ቀንሶ ደወል ማሰማት ያስፈልገዋል። ለመሳለም የሚወጡ ሰዎች ባሉበት አካባቢ ደግሞ የመዝሙሩን ድምፅ ቀነስ ማድረግ ጨዋነት ነው። አርባ ወጣቶች መንገዱን ሞልተው ሲሄዱ ሯጩም ሸክም ያላትም ገደል ገደሉን ይሄዳሉ። በአንድ መስመር መሄድ ህብረቱን አያፈርሰውም።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ለእናንተ ይህ ተራራ ሌላም ጥቅም አለው። ከተማው መካከል ከፍታው ወደ 2,400 ሜትር ሲሆን የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ሳሳ ይላል። እነ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ልምምድ ያደረጉበትም ለዚህ ነው፤ ሰውነት ኦክስጅን ሲያንሰው ተጨማሪ ቀይ የደም ሴሎችን ያመርታል። ላልለመደው ግን ያደክማል። ፍጥነታችሁ ልክ መሆኑን የምታውቁት በወሬ ነው፦ እየሄዳችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል። ብዙ ጊዜ ባል ይቀድምና ላይ ቆሞ «ነይ እንጂ!» ይላል። ይህ አብሮ መሄድ አይደለም። መንገዱ በሚጠብበት ቦታ ቀስ የሚለው ከፊት ይሁን፣ ፈጣኑም በእርሱ ልክ ይራመድ። ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው የማይወጣው ጉዳይ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ሲራመዱ ይወጣል። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ጫፉ ላይ ስትደርሱ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ተመልከቱ። በደቡብ በኩል የሚወርደው ዝናብ ወደ አዋሽ ገብቶ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ይቀራል፤ በሰሜን በኩል በሱሉልታ የሚወርደው ደግሞ በሙገር አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል። ተራራው እንደ ቤት ጣሪያ ነው።

በክረምት ጭቃው ስለሚያንሸራትትና መብረቅም ስለሚያሰጋ፣ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ያለው ጊዜ ይሻላል። ያን ጊዜ አደይ አበባውም አለ። ውኃና ሹራብ ያዙ፣ ፌስታላችሁን መልሳችሁ አምጡ፣ እሳት አታንድዱ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው ቶሎ ይቀጣጠላል። ጫካው ውስጥ ለብቻ አትግቡ፣ የተለመደውንም መንገድ አትልቀቁ። ሲመሽ ጅቦቹ ስለሚወጡ፣ እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል ጀምሩ። በዚያ ሰዓት ሸክም ይዘው የሚወርዱት ይበዛሉና ከኋላ ኮቴ ስትሰሙ ዳር ያዙ።