የሌሊቱ ነፋስ ከየት ነው?

ቼሳፒክ ቤይን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከድልድይ ላይ ነው። ከዋሽንግተን ወደ ኦሽን ሲቲ ስንነዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተውን ረጅም ድልድይ ስንሻገር ነጫጭ ሸራዎች ከታች ይታዩናል፤ አይተን እናልፋለን። እኔ በነሐሴ ከባለቤቴ፣ ከሁለቱ ልጆቻችንና ከአማቴ ጋር ከእነዚያ ሸራዎች በአንዱ ሥር ነኝ። ከአናፖሊስ የምንከራያት ጀልባ አሥር ሜትር ገደማ የምትረዝም፣ ምድጃና መኝታ ያላት ናት።

ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ማዕበል ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ማደሪያው ነው። ቤተሰብ ይዞ የሚጓዝ ሰው ቀኑን የሚያቅደው ከማታው ተነሥቶ ነው። የት እናድራለን? ፀሐይ ሳትጠልቅ ለመድረስ መቼ እንነሣ? ቦታው ባይሆን በአቅራቢያው ሌላ መጠጊያ አለ?

ቤዩ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርዘም እንጂ አማካይ ጥልቀቱ ስድስት ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። እንዲህ ባለ ውሃ ላይ ነፋስ ሲበረታ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ እያከታተለ ይመታል። ማዕበል የሚያድገው ግን ነፋሱ በገላጣ ውሃ ላይ ረጅም መንገድ ሲሮጥ ነው። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል መሬትና ዛፍ ካለ፣ ሰማዩ ቢያጓራም ውሃው ብዙም አይነሣም። ችግሩ ነፋስ መዞሩ ነው። በነሐሴ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከደቡብ ሲነፍስ ይውልና አመሻሽ ላይ ወይም ሌሊት ነጎድጓድ ከምዕራብ ሲመጣ ድንገት ይገለበጣል። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጸጥ ያለው ቦታ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የሚናጥ ሊሆን ይችላል። በጀልባው ሬዲዮ የአየር ትንበያ ስሰማ ጆሮዬን የምሰጠው ለሌሊቱ ነው።

ባለፈው ነሐሴ ጠዋት ከአናፖሊስ ወጣን። እ.ኤ.አ. በ1875 የተሠራውን፣ በብረት እግሮች ውሃ መሐል የቆመውን የቶማስ ፖይንት መብራት ቤት አልፈን፣ የኬንት ደሴትን ደቡባዊ ጫፍ ዞረን ወደ ዋይ ወንዝ ገባን። አፉ ላይ ሻው ቤይ አለ፤ ሰፊና የተወደደ ቦታ ነው፤ ቅዳሜ ስለነበረ በጀልባ ተሞልቷል። ልጆቹ እዚያው እንቅር ብለው ለመኑኝ። ትንበያው ግን ለሌሊቱ ነጎድጓድ ይላል። መልህቅ የጣለ ጀልባ ነፋሱን እየተከተለ በመልህቁ ዙሪያ ይዞራል። ሁሉም እኩል ገመድ ስለማይለቅ፣ ነፋሱ ሲገለበጥ በተጨናነቀ ቦታ ጀልባ ከጀልባ ይላተማል። ወደ ውስጥ ቀጠልን።

በዚህ ወንዝ ዳር ዋይ ሃውስ የሚባል የጥንት የባሪያ እርሻ አለ። ፍሬድሪክ ዳግላስ በልጅነቱ በባርነት እዚያ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ በባርነት ሳለ በቤዩ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚሉትን ሸራዎች እያየ እንዴት እንደተንገበገበ ይተርካል። ይህን ለልጆቼ በዚያው ውሃ ላይ ነገርኳቸው። በዚህ ወንዝ የሚያልፍ ልጅ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል እላለሁ።

ያደርነው በዋይ ደሴት ዳር፣ ዲቫይዲንግ ክሪክ በሚባል ጠባብ፣ ግራ ቀኙ ደን በሆነ የውሃ እጅ ውስጥ ነው። ዛፉ ነፋስ ይከለክላል፤ ሙቀትና ትንኝም ያመጣል። ያለ ነጎድጓድ ቢሆን ኖሮ ነፋሻውን ሻው ቤይን እመርጥ ነበር።

መልህቅ የሚይዘው ጭቃው ውስጥ ሲቀበር ነው፤ የሚቀበረው ደግሞ በአግድም ሲጎተት ነው። ስለዚህ ገመዱ ይረዝማል። ውሃው ሁለት ሜትር ተኩል ነበር። የጀልባዋ አፍንጫ ከውሃው በላይ አንድ ሜትር፣ ለባሕሩ ሙላት ግማሽ ሜትር ስንጨምር አራት ሜትር፤ ገመዱ የዚህ ሰባት እጥፍ እንዲሆን 28 ሜትር ለቀቅን። ባለቤቴ ከፊት ሆኖ መልህቁን ቀስ ብሎ አወረደ፤ እኔ ሞተሩን ወደ ኋላ እየነዳሁ ገመዱ እስኪወጠር ጎተትኩ። ከዚያ አንድ ደረቅ ዛፍና ከበስተኋላው ያለውን ጉብታ በዓይኔ አሰለፍኩ፤ ሁለቱ ከሰልፋቸው ካልወጡ መልህቁ ይዟል። ምሰሶው ጫፍ ላይ ነጩን መብራት አበራን፤ በሌሊት የሚመጣ ጀልባ እንዲያየን ሕጉ ያስገድዳል።

ጾመ ፍልሰታ ስለነበር አማቴ ሽሮ ጣዱ። ልጆቹ የዶሮ አንገት በሲባጎ አሥረው ሸርጣን ሲያወጡና ሲለቁ አመሹ። «ልጄ፣ እዚህ ድስቱ እንኳ አይነቃነቅም» አሉኝ እማማ።

ነጎድጓዱ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ግድም ደረሰ። ዝናቡ ወረደ፤ ጀልባዋ ፊቷን ወደ ምዕራብ አዞረች። ዛፉ በጨለማ ስለማይታይ በስልኬ ላይ የመልህቅ ማንቂያ ከፍቼ ነበር፤ ጀልባዋ ከተወሰነላት ክብ ከወጣች ይጮኻል። አልጮኸም። ቢጮህ ኖሮ ሞተር አስነሥተን፣ መልህቁን ስበን፣ እንደገና እንጥል ነበር። ያኔ ማን ምን እንደሚይዝ ባለቤቴና እኔ ከመተኛታችን በፊት ተነጋግረንበት ነበር፤ በዝናብና በጨለማ መሐል የሥራ ክፍፍል መጀመር አይቻልም።

መጀመር ለሚፈልግ፦ አናፖሊስ ውስጥ የሸራ ጀልባ ትምህርት ቤቶች አሉ። በሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለደ ሰው ሞተር ያለው ጀልባ ለመንዳት የጀልባ ደህንነት ትምህርት የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ርዝመቱ ከ21 ጫማ (6.4 ሜትር) ባነሰ ጀልባ ላይ ያሉ ከ13 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ጀልባው ሲንቀሳቀስ፣ ከታች ክፍሉ ውስጥ ካልሆኑ በቀር፣ የሕይወት አድን ጃኬት መልበስ አለባቸው። የእኔዎቹ መልህቅ ከተጣለም በኋላ ደጅ ሲወጡ ይለብሳሉ።